ማኅፀን በውሰት ይሰጣልን?

ከወላይታ ሶዶ ከተማ አንድ የንስሐ አባት የላኩልን ጥያቄ ከእጃችን ከደረሰ ጥቂት ጊዜ ሆኖታል። መልሱን ያዘገየነው ነገሩን ንቀን አይደለም፤ ቸኩሎ መመለስ በሰው ትዳርና በሰው ነፍስ ላይ መፍረድ ስለሚሆን ነው እንጂ። የጥያቄውም ፍሬ ነገር ይህ ነው። የአራት ልጆች እናት የሆነች አንዲት የንስሐ ልጃቸው ታናሽ እኅት አለቻት። ይህች ታናሽ እኅት በአዲስ አበባ በሥርዓት አግብታ ስትኖር በመጀመሪያ ወሊዷ ደሟ አልቆም አለ፤ ሕፃኑ ሞተ፤ ሐኪሞችም ሕይወቷን ለማትረፍ ሲሉ ማኅፀኗን አወጡ። አሁን ባልና ሚስቱ ዘራቸው በሕክምና ቤት ተዋሕዶ በታላቂቱ ማኅፀን እንዲያድግ፣ እርሷም ወልዳ እንድትሰጣቸው ለምነዋታል። ታላቂቱም ወደ ንስሐ አባቷ ሄዳ፣ «አባቴ፣ ለዚህ ነገር እበቃለሁን? ብበቃስ ይፈቀድልኛልን?» ብላ አለቀሰች።

ሴቲቱ ባታስተውለውም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ጠይቃለች። መብቃት ሌላ ነው፤ መፈቀድ ሌላ ነው። ሐኪሙ ትበቂያለሽ ያላትን ሴት ቤተ ክርስቲያን ይገባሻል ትላት ዘንድ ግዴታ የለባትም። ዳሩ ግን ካህን የመጀመሪያውን ሳያውቅ በሁለተኛው ላይ ቢናገር ምክሩ ከሰሚዋ ልብ አይደርስም፤ ስለዚህ ከብቃቱ እንጀምር።

ይህ አሠራር አንዳንዶች የማኅፀን ኪራይ፣ አንዳንዶችም ምትክ እናትነት የሚሉት ነው። የባልና የሚስት ዘር ከማኅፀን ውጭ ተገናኝቶ ጽንስ ከሆነ በኋላ ወደ ሦስተኛዪቱ ሴት ማኅፀን ይገባል። ከማኅፀን ውጭ በተደረገ ማዳቀል የመጀመሪያዪቱ ሕፃን በእንግሊዝ አገር የተወለደችው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። በአገራችንም ለመካኖች የሚደረገው ይህ የማዳቀል ሕክምና በመንግሥት በኩል የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ማእከል ሲከፈት ነበር። ባልና ሚስት በራሳቸው ዘርና በሚስቲቱ ማኅፀን የሚረዱበት ሕክምና ግን አሁን ከያዝነው ነገር የተለየ መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ሥራው በተለመደባቸው አገሮች ያሉ ሐኪሞችና ሕግ አውጪዎች የምታረግዘውን ሴት በብዙ ነገር ይመረምሯታል። የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር በሰጠው መመሪያ ዕድሜዋ ከ21 እስከ 45 ዓመት እንዲሆን፣ ከዚያ በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ ያለ ችግር አርግዛ በጊዜዋ የወለደች እንድትሆን፣ የወለደችውም በጠቅላላው ከአምስት ጊዜ እንዳይበልጥ፣ በቀዶ ሕክምና የወለደችው ከሦስት ጊዜ እንዳይበልጥ ይመክራል። የአእምሮና የስሜት ምርመራም ይጨምራል፤ ከአስረጋዦቹ የተለየ የራሷ የሕግ አማካሪ እንዲኖራትም ያዝዛል። የህንድ አገር በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከዚህ ይልቅ ታጠብቃለች። ሴቲቱ ያገባች ወይም አግብታ የነበረች፣ የራሷ ልጅ ያላት፣ ዕድሜዋም ከ25 እስከ 35 የሆነ ትሁን ትላለች፤ በሕይወቷም ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳታደርገው፣ ለሕክምናና ለመድን ከሚወጣው ወጪ በቀር ገንዘብ እንዳትቀበል ትከለክላለች። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. የሕፃናት ሕግ ውሉ ገና ጽንስ ሳይገባ በከፍተኛው ፍርድ ቤት እንዲጸድቅ፣ ሴቲቱም በሕይወት ያለ የራሷ ልጅ ያላት እንድትሆን ደንግጋለች።

እነዚህ ሁሉ የራሷ ልጅ ያላት ሴት ትሁን በማለት መስማማታቸው በከንቱ አይደለም። ወልዳ የማታውቅ ሴት ሰውነቷ እርግዝናን እንዴት እንደሚሸከም አይታወቅም። ከዚህም በላይ የምትሰጠው ነገር ምን እንደ ሆነ ገና አላወቀችም፤ ያላወቁትን መስጠት ደግሞ በሙሉ ፈቃድ መስጠት አይባልም። ማኅፀኗ ቢጎዳ እንኳ ልጅ አልባ ሆና እንዳትቀር መጠበቂያ ይሆናታል። በዚህ ነገር ዓለማውያን ሕግ አውጪዎች ስለ ሴቲቱ ማሰባቸውን ልናመሰግን ይገባናል።

የጠያቂያችን የንስሐ ልጅ በዚህ መስፈርት ብትመዘን በአራት ልጆቿ ምክንያት ከወሰኑ ውስጥ ናት። በወላይታ ገጠር ግን ከአምስት በላይ የወለዱ ብዙ እናቶች አሉ፤ እነዚህ ገና ከበሩ ይመለሳሉ። ወሊድ በአገራችን ዛሬም ቀላል ነገር አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በ100,000 ሕያዋን ልደቶች 412 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መሻሻል ቢኖርም ከደጋ ቀበሌ ተነሥታ በምጥ ወደ ሶዶ የምትወርድ እናት የመንገዱን ርዝመት ታውቀዋለች። ደግሞም የሌላ ሰው ጽንስ መሸከም የራስን ከመሸከም የበለጠ እንደሚያውክ ታይቷል። በካናዳ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር በተደረገና በ2024 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ በተፈጥሮ ከፀነሱት እናቶች ከ100 ሁለት ያህሉ ብርቱ የጤና አደጋ ሲደርስባቸው፣ ለሌላ ካረገዙት ግን ወደ ስምንት የሚጠጉት ደርሶባቸዋል። ይህ የሆነው ሐኪም በሞላበት አገር ነው። እንግዲህ የአራት ሕፃናት እናት እኅቴን ላስደስት ብላ ስትነሣ፣ አራቱ ሕፃናትም በሚዛኑ ላይ ያሉ መሆናቸውን ማንም ሊሰውርባት አይገባም።

ከሐኪም ቤት ወደ ሕግ እንሻገር፤ ብዙዎች የሚሰናከሉት በዚህ ነውና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ እናትነትን በመውለድ ብቻ ያረጋግጣሉ። ማን ዘሩን ሰጠ ብለው አይጠይቁም፤ የወለደችው እናት ናት። አባትነትም እናትነትን ይከተላል፤ በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ተብሎ ይገመታል። እንግዲህ ልብ እንበል። የሶዶዋ ሴት ለእኅቷ ብትወልድ፣ ሕፃኑ በሕግ ዓይን የእርሷና የገዛ ባሏ ልጅ ሆኖ ይነሣል፤ ከአራቱ ልጆቿም ጋር አምስተኛ ወራሽ ይሆናል። የወላይታ የእርሻ መሬት በሕዝብ ብዛት የተጣበበ፣ አባት ለልጆቹ ሲያካፍለው ለእያንዳንዱ ጓሮ ያህል የሚደርስ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህ የወረቀት ጣጣ ብቻ አለመሆኑን ይረዳል። ሕፃኑን ወደ እኅቷ ለማሳለፍ የሚቀረው መንገድ ጉዲፈቻ ነው፤ ለዚህም ፍርድ ቤት ውሉን መርምሮ ማጽደቅ አለበት። ሕጉ ገና በማኅፀን ያለውን ልጅ እንኳ በጉዲፈቻ መስጠትን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን እናቲቱ ከወለደች በኋላ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሐሳቧን ለውጣ ውሉን ልታፈርሰው መብት ይሰጣታል። ሕግ አውጪው ይህን የጻፈው የእናት አንጀት ከወሊድ በፊትና ከወሊድ በኋላ አንድ አለመሆኑን አውቆ ይመስለናል።

በወላይታ ደግሞ ከተጻፈው ሕግ ቀድሞ የነበረ የዘር ሥርዓት አለ። ሕዝቡ ማላና ዶጋላ በተባሉ በሁለት ታላላቅ ወገኖች ተከፍሎ ጎሳው በአባት በኩል ይቈጠራል፤ በጥንቱ ልማድም የአንዱ ወገን ልጅ ከገዛ ወገኑ አያገባም ነበር። ቤተ ክርስቲያናችንም በበኩሏ እስከ ሰባት ቤት ያለውን ዝምድና ቈጥራ ጋብቻን ትከለክላለች። የሕፃኑ መገኛ ቢደበቅ ይህ ሁሉ ቈጠራ ይበላሻል። በታላቂቱ ቤት ሲወለድ ሰው ሁሉ ያየው ልጅ በሌላ አባት ስም ቢጠራ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ሽማግሌ ለጋብቻ ዘር ሲቈጥር ምን ብሎ ይቈጥረዋል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ መፈቀዱ እንመለስ። ይህን ነገር የሚደግፉ ሰዎች ከቅዱሳት መጻሕፍት የአጋርን ታሪክ ይጠቅሳሉ። ሦራ መካን ስለ ነበረች ባሪያዋን አጋርን ለአብርሃም ሰጠችው (ዘፍ. ምዕ. 16)፤ ራሔልም ባላን ሰጠች (ዘፍ. ምዕ. 30)። እነርሱ እንደሚሉት ያ ከግንኙነት ጋር ነበር፤ ይህ ግን ያለ ሩካቤ የሚደረግ ስለ ሆነ ከዝሙት የራቀ ነው። ይህ ክርክር ተንቆ የሚታለፍ አይደለም። በእርግጥም በዚህ አሠራር ባዕድ ሴት ከባዕድ ወንድ ጋር አልተኛችም፤ ስለዚህ ቀጥታ ዝሙት ብሎ የሚፈርድ ካህን ቃሉን ሊመዝን ይገባዋል።

ነገር ግን የአጋርን ታሪክ ሙሉውን ያነበበ ሰው ሌላ ነገር ያገኝበታል። በዚያ ምዕራፍ ሦራም ሆነች አብርሃም ሲነጋገሩ አንድ ጊዜ እንኳ በስሟ አልጠሯትም፤ «ባሪያዬ» «ባሪያሽ» ይባባላሉ እንጂ። ፈቃዷን የጠየቃት ሰው መኖሩም አልተጻፈም። አስቀድሞ አጋር ብሎ በስሟ የጠራት በምድረ በዳ በውኃ ምንጭ አጠገብ ያገኛት የእግዚአብሔር መልአክ ነው። ልጁም ከተወለደ በኋላ የሦራ ልጅ አልሆነም፤ በመጨረሻ አጋርና እስማኤል አብረው ከቤት ወጡ (ዘፍ. ምዕ. 21)። መጽሐፍ ይህን የጻፈልን የአባቶችን ጽድቅና ድካም ሳይሸሽግ ነው፤ አድርጉት ብሎ ሥርዓት አልሠራበትም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀን አንዳንዶች እመቤታችንን ለዚህ ምሳሌ ሊያደርጓት መድፈራቸው ነው። ጌታችን ከሥጋዋ ሥጋ፣ ከነፍስዋ ነፍስ ነሥቶ ሰው ሆነ ብለን የምናምን ሰዎች፣ ማኅፀንዋን እንደ ማለፊያ ቧንቧ የቈጠሩትን መናፍቃን አባቶች እንዳወገዟቸው እናውቃለን። ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን የተሸከመችው ልጇ ከእርሷ ተወስዶ ለሌላ አልተሰጠም፤ እስከ መስቀሉ እግር ድረስ እናቱ ሆና ቆመች። ይህን ስንል ከሌላ ዘር የሆነ ጽንስ የተሸከመች ሴት በሁሉ ነገር ከድንግል ጋር ትነጻጸራለች ማለታችን አይደለም። ማኅፀንን ያለ ባለቤቲቱ ማንነት እንደ ዕቃ ማሰብ ለእኛ ሃይማኖት እንግዳ መሆኑን ለማሳየት ያህል ነው።

የሙሴን ታሪክ የሚያነሣ ቢኖር ግን ደስ ይለናል። የፈርዖን ልጅ ከወንዝ ያገኘችውን ሕፃን ልጇ አደረገችው፤ የገዛ እናቱም ደመወዝ እየተከፈላት አጠባችው (ዘፀ. ምዕ. 2)። በዚህ ታሪክ ሁለት እናቶች አሉ፤ ደመወዝም አለ፤ ግን ማንም አይነቅፈውም። ልዩነቱ ከምን ላይ ነው? ሕፃኑ አስቀድሞ ተወልዶ በሞት አደጋ ላይ ነበረ፤ የንጉሥ ልጅም አዳነችው። ደመወዙ የወተትና የድካም ዋጋ ነው እንጂ የልጅ ዋጋ አይደለም። የጡት ልጅና የማር ልጅ ማድረግ፣ ጉዲፈቻም ቢሆን በዚህ ወገን ነው፤ የተለያየውን ያገናኛል። በውሰት ማርገዝ ግን ሕፃኑ ገና ሳይፀነስ ከሚሸከመው ማኅፀን እንዲለይ አስቀድሞ ይዋዋላል። አንዱ ቍስልን ይጠግናል፤ ሌላው ጠግኖ ለመስጠት አስቀድሞ ያቈስላል።

ሌላም ችግር አለ፤ ምናልባት ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። በዚህ ሕክምና ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ጽንስ ይዘጋጃል፤ አንዱ ወይም ሁለቱ ሲገቡ የቀሩት በበረዶ ይቀመጣሉ፤ ኋላም ይጣላሉ። መንታ ወይም ሦስት ቢሆኑ አንዱን ቀንሱ የሚባልበት ጊዜ አለ። ጽንስ ከተፀነሰበት ጊዜ ጀምሮ ነፍስ እንዳለው ሰው የሚከበርባት ቤተ ክርስቲያን ይህን ዝም ብላ ልታልፈው አትችልም። በባልና ሚስት መካከል እንኳ ለሚደረገው የማዳቀል ሕክምና ካህናት ምእመናንን ሲመክሩ ይህን ነጥብ አስቀድመው ሊያነሡ ይገባቸዋል።

የባልየውም ነገር አለ። ጽንሱ በሚገባበት ወራት ሴቲቱ የራሷን እንዳትፀንስ ከባሏ ትለያለች። ሐዋርያው ጳውሎስ ባልና ሚስት በስምምነት ለጸሎት ካልሆነ በቀር እንዳይከላከሉ፣ የሴቲቱም ሥጋ የባሏ፣ የእርሱም የእርሷ መሆኑን አስተምሯል (1ኛ ቆሮ. ምዕ. 7)። በተላከልን ጥያቄ ውስጥ ስለ ባልየው አንድ ቃል አለመጻፉ አሳስቦናል። ጠይቃው ይሆን? ወይስ እንደ አጋር ዘመን ሳይጠየቅ የቀረ ሰው አለ?

ይህን ሁሉ ስንጽፍ በእኅትማማች መካከል ስለሚደረግ የፍቅር ነገር ነው። በገንዘብ የሚደረገው ግን ሌላ ፍርሃት ያሳድርብናል። ወላይታ ከአጎራባቾቿ ከከምባታና ከሐድያ ጋር ልጆች በብዛት ወደ ውጭ አገር በጉዲፈቻ ከተላኩባቸው ስፍራዎች አንዷ ነበረች። በዚያ ዘመን በእውነት የዳኑ ሕፃናት ነበሩ። ዳሩ ግን ልጄ ተምሮ ይመለስልኛል፣ ይረዳኛልም ብለው የፈረሙትን ሳይረዱ የሰጡ፣ ኋላም እድሜ ልክ የተለዩ ወላጆች ነበሩ። በመጨረሻም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር ወር 2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከለከለ። ትናንት የድሃ ልጅ ተፈለገ፤ ነገ የድሃ ማኅፀን ሊፈለግ ይችላል። ሴቶች ልጆቻችን በደላላ ወደ ዓረብ አገር ሲሄዱ ያየን ሰዎች ደላላ ለዚህ አይነሣም ብለን ልንጽናና አንችልም። በ2014 እ.ኤ.አ. በታይላንድ አንዲት ሴት ለአውስትራልያ ባልና ሚስት መንታ ወልዳ ሴቲቱ ሕፃን ስትወሰድ፣ ከእውቀት ዘገምተኝነት ጋር የተወለደው ወንድሟ ግን ከወለደችው ጋር ቀረ፤ መንግሥቱም በማግሥቱ ዓመት ለባዕዳን መውለድን በሕግ ከለከለ። በእኛም አገር ቢሆን አንዲት የወላይታ ሴት በአገሯ ለባዕድ ብትወልድ፣ ከላይ እንዳየነው እናቱ እርሷ ናት፤ የውጭ ጉዲፈቻም በመዘጋቱ ሕፃኑን ሊወስዱት የሚሹ ሰዎች ሐሰት ካልጻፉ በቀር መንገድ አያገኙም። ካህናት በዚህ በኩል የሚመጣ ማባበያ ቢሰሙ ለምእመናን ሳይዘገዩ ሊያስጠነቅቁ ይገባል።

እንግዲህ ለጠያቂያችን አባት የምንመልሰው ይህ ነው። የመጨረሻው ፍርድ የቅዱስ ሲኖዶስ ነው፤ እኛ ግን ከአባቶች ትምህርት በተረዳነው መጠን ለንስሐ ልጅዎ አድርጊው ብለው እንዲመክሯት አንደፍርም። ሐኪም ብቁ ነሽ ቢላትም፣ ገንዘብ ባትቀበልም፣ ባሏ ቢፈቅድም ያነሣናቸው ነገሮች አይወገዱም። ሲከለክሏት ግን እንደ ወንጀለኛ አይገሥጿት፤ ከፍቅር የተነሣ የጠየቀች ናትና። ሌላም እንለምንዎታለን። ታናሽ እኅቷን ወደ አዲስ አበባ በሚሄዱበት ጊዜ ፈልገው ያግኟት፣ ወይም የዚያን ደብር ካህን ያሳስቡላት። ልጇን ቀብራ፣ ማኅፀኗንም አጥታ የቆመች ሴት ናት። መካንነት የእግዚአብሔር ቍጣ አለመሆኑን ከሐና እናተ ሳሙኤል፣ ከኢያቄምና ከሐና፣ ከኤልሳቤጥም ታሪክ ንገሯት፤ ይልቁንም የጻድቁን የአባታችንን የተክለ ሃይማኖትን እናት የእግዚእ ኀረያን ታሪክ። እርሷም ልጅ በማጣት ስታዝን ሳለ በንጉሥ ሞተለሚ ወደ ዳሞት ተማርካ በቅዱስ ሚካኤል ረድኤት የተመለሰች መሆንዋን ገድሉ ይናገራል፤ የዳሞትን ስም ከሶዶ በላይ ከቆመው ከዳሞታ ተራራ ጋር የሚያያይዙ የአገሩ ሰዎችም አሉ። ለታናሽ እኅት ግን ታሪኩን ሲነግሯት ይጠንቀቁ። እንዲህ ታገኚያለሽ ብሎ ተስፋ መስጠት፣ ማኅፀን ለሌላት ሴት ቍስል ላይ ጨው መነስነስ ይሆናል። ይልቅስ ከሕጉ ጋር አብረው ስለ ጉዲፈቻ ያስረዷት፤ ከባልና ከሚስት አንዳቸው 25 ዓመት ከሞላቸው በአገር ውስጥ ወላጅ ያጣ ሕፃን ልጃቸው ሊያደርጉ ይችላሉ።

ምክራችን ሳይደርስ ነገሩ ተፈጽሞ ቢገኝስ? ይህንንም ብዙ ካህናት ነገ ይገጥማቸው ይሆናል። በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት ከእኛ የተለየችው የሩስያ ቤተ ክርስቲያን በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የማኅበራዊ ትምህርት ሰነድ ይህን አሠራር ያለ ገንዘብ ቢደረግ እንኳ አጥብቃ ነቅፋ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ግን እንዲህ የተወለዱ ሕፃናት ወላጆቻቸው ንስሐ ከገቡ እንዲጠመቁ ወስናለች። ለእኛም ሕፃኑ በምንም በደል እንደሌለበት ግልጽ ነው፤ ከጥምቀት የሚያግደው አንዳች ነገር አናይም። ወንድ ቢሆን 40፣ ሴት ብትሆን 80 ቀን የሚቈጠረው ለወለደችው ሴት ነው፤ የወሊዱ ደም የእርሷ ነውና፤ የመንጻቱ ጸሎትም ለእርሷ ይደረግላታል። ዘሩን የሰጠችውን ሴት ነገሩን ለመሸፈን ሲሉ የክርስትና እናት አድርገው እንዳያቆሟት እናሳስባለን፤ ወላጅ ለገዛ ልጁ የክርስትና ወላጅ ሊሆን አይገባውምና። በጥምቀት መዝገብ ላይ የወለደችው እናት ስም ይጻፍ፤ የቀረውም እውነት ሕፃኑ ለጋብቻ በሚደርስበት ጊዜ እንዳይጠፋ በንስሐ አባቱ ዘንድ ተጽፎ ይቀመጥ።